የሲራራ ነጋዴዎቹ ምልክቶች፦ ከቡሬ እስከ ዓባይ ማዶ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የቀረበ)

  



የዛሬውን ርእስ የሰጠኝ አንድ ተማሪ ነው። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሰው ሁሉ ሲወጣ ጫማውን በእጁ ይዞ በር ላይ ጠበቀኝ። «ኡስታዝ፣ አስተማሪያችን የአካባቢያችሁን አንድ ታሪካዊ ቦታ ጽፋችሁ አምጡ አለን። ጓደኞቼ ሁሉ የደብራቸውን ታሪክ ጻፉ፣ ማን እንደተከለው፣ የትኛው ባላባት ጉልላቱን እንዳሠራ። እኔ ምን ልጻፍ? እኛ እዚህ አገር ምን አለን?» አለኝ።

ቶሎ መልስ አልሰጠሁትም። ቢላልንና ነጃሺን ልጠቅስለት ከጀልኩና ተውኩት። ልጁ የጠየቀኝ ስለ መካ ወይም ስለ ትግራይ አልነበረም፤ ስለ ቡሬ፣ ስለ ማንኩሳ፣ ስለ ፍኖተ ሰላም ነው የጠየቀኝ። «እኛ እዚህ ምን አለን» ማለት ደግሞ ሲገለጥ «እኛ የዚህ አገር ሰዎች ነን ወይስ እንግዶች» ማለት ነው። «መጤ» የሚለውን ቃል እሱም በሆነ ቦታ ሰምቶታል ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በምዕራብ ጎጃም ዞን ሙስሊሙ ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞላም። እንዲህ ጥቂት ሆኖ የሚኖር ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር ከሌለው፣ ሌላው የሚለውን ተቀብሎ ያድራል።

ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ልጅ የቆየሁበት መልስ ነው።

የድንጋይ ምልክት ለምን የለንም?

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንረዳ። በጎጃም ገጠር የአንድ ቤተሰብ ስም ከቦታ ጋር የሚታሰረው በርስት ነበር። ርስት ማለት አገሩን መጀመሪያ ያቀና አንድ አባት አለ ተብሎ፣ ከዚያ አባት በእናትም በአባትም በኩል የሚወለድ ሁሉ ከመሬቱ ድርሻ የሚጠይቅበት ሥርዓት ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው ምሁር አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ገበሬው የትውልድ ሐረጉን እየቆጠረ እንዴት መሬት እንደሚከራከር በሰፊው ገልጾታል። አባትን መቁጠር መሬትን መቁጠር ነበር። ደብሩም ከዚህ ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ነው፤ አቅኚው አባትና የደብሩ ታሪክ አብረው ይነገራሉ።

ሙስሊሙ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበር። የርስት ባለቤት አይሆንም። ቢያርስም የሰው መሬት በጭሰኝነት ነው። ስለዚህ የቀረለት ሁለት ነገር ነው፤ እጁና እግሩ። በእጁ ሸማ ሠራ፣ ቆዳ ፋቀ። በእግሩ ነገደ። ለሸማኔነቱና ለፋቂነቱ ክብር አልተሰጠውም፤ የሠራውን ጋቢ ለብሰው እሱን የናቁት ሰዎች ነበሩ። ይህን ስናገር ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ ነገሩ እንዲህ ስለነበር ነው።

መሬት የሌለው ሰው የድንበር ድንጋይ አይተክልም። መስጊዱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የጭቃና የሣር ቤት ነበር። ቀብራችንም እንደምታውቁት በሃይማኖታችን ሥርዓት ቀለል ያለ ነው፤ ሐውልት አይቆምበትም፣ ስም አይቀረጽበትም። እንግዲህ መሬት የለ፣ ሕንፃ የለ፣ ሐውልት የለ። ታዲያ የእነዚህ ቤተሰቦች ምልክት የት ይፈለግ?

በመንገድ ላይ ነው የሚፈለገው። የገበያው ሜዳ፣ ነጋዴው የሚያድርበት ሰፈር፣ ቀረጥ የሚከፈልበት ኬላ፣ የወንዙ መሻገሪያ፣ እንስሳቱ የሚራገፉበት ትልቅ ዋርካ። እነዚህ ናቸው የእኛ ታሪካዊ ቦታዎች። የማንም ርስት ስላልሆኑ ማንም አልመዘገባቸውም።

መንገዱ

በዚህ አገር ትልቁ ንግድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ይጓዝ ነበር። ከምጽዋ ተነስቶ በዓድዋ አድርጎ ጎንደር ይገባል። ከጎንደር በጣና ምሥራቅ በኩል በይፋግና በደሪጣ ያልፋል፤ ደሪጣ የታወቀች የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች። ከዚያ ጎጃም ይገባል። በጎጃም ትልቁ ገበያ የባሶ ገበያ ሲሆን ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም በየጁቤ አካባቢ ነው። ከባሶ ዓባይን ተሻግሮ ጉድሩ፣ አሰንዳቦ ገበያ ይደርሳል። ከጉድሩ ወደ ሊሙ እናርያ፣ ወደ ሰቃ፤ ከዚያም ወደ ጅማና ወደ ከፋ። በእኛ በኩል ደግሞ ቡሬ ነበረች፤ ወደ አገው ምድር፣ ወደ ወንበራና ከዓባይ ማዶ ወደ ወለጋ ለሚወርደው መንገድ በር ሆና ያገለገለች ከተማ ናት። ዛሬ ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወርደውን መኪና መንገድ የምታዩ ሰዎች መሐንዲስ ያወጣው ሐሳብ ይመስላችሁ ይሆናል። ሐሳቡን ያወጡት አህያ ነጂዎች ናቸው።

ይህን ንግድ የሚነግዱት ሰዎች ሲራራ ነጋዴ ይባላሉ። አብዛኛዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ወደ ደቡብ የሚወስዱት አሞሌ ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ዶቃና የመሳሰለውን ሲሆን ይዘው የሚመለሱት ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ሰም ነው። አሞሌ ከዳናኪል ሜዳ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ሰሜን ላይ ለአንድ ማርትሬዛ ብር ብዙ አሞሌ የሚመነዘረው፣ ዓባይን ሲሻገር ቁጥሩ እያነሰ ይሄዳል። የነጋዴው ትርፍ የእግሩ ዋጋ ነው ማለት ነው። ዓባይ በክረምት አይሻገርም። ስለዚህ ሲራራው ክረምቱን ጎጃም ከርሞ፣ ውኃው ሲጎድል በበጋ ይሻገራል። ይህ መክረም ነው ቤተሰብን የፈጠረው። ሰው ሦስትና አራት ወር በአንድ ቦታ ከተቀመጠ ጎጆ ይሠራል፣ ሚስት ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ልጁን የሚያቀራ ሸህ ይፈልጋል።

ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጎጃም መጥቶ የጁቤ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀምጧል። የባሶን ገበያ በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ስለ ዓባይ ማዶ አገሮች የጻፈውን ብዙ ነገር ግን በእግሩ ሄዶ አላየውም፤ ከነጋዴዎች ጠይቆ ነው የጻፈው። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲም እ.ኤ.አ. በ1843 እናርያ የደረሰው የነጋዴውን መንገድ ተከትሎ ነው። እንግዲህ የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች ስለ ግቤ አገሮች የነበራቸው የመጀመሪያ ዕውቀት ከፊሉ ከሙስሊም ነጋዴ አፍ የወጣ ነው። ካርታው ላይ የቀረው ግን የጸሐፊው ስም ነው። እኛ የሐዲስ ዑለሞች ልጆች ይህ ሊያስገርመን ይገባል። በእኛ ዘንድ አንድ ወሬ ሲነገር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ሰማኸው» ነው። ሰነዱን ያልያዘ ወሬ ዋጋ የለውም። በራሳችን ታሪክ ላይ ሲሆን ግን ሰነዱን ጣልነው።

ብዙ ሰው በጎጃም ያለውን ሙስሊም በሙሉ የኢማም አሕመድ ጦርነት ቅሪት አድርጎ ይቆጥራል። ከሙስሊሙም ይህን በኩራት የሚናገር አለ። እኔ አይመስለኝም። የጦር ሰራዊት መንገድና የነጋዴ መንገድ ይለያያሉ። ሠራዊት በሚያልፍበት አገር ቤተሰብ አይተከልም፤ ቢተከልም ተቃጥሎ ይጠፋል። የእኛ ሰፈሮች ያሉት ግን በገበያ ዳር፣ በከተማ አፍ፣ በወንዝ መሻገሪያ አቅጣጫ ነው። ቦታው ራሱ የሚናገረው ስለ ሚዛን ነው፤ ስለ ጎራዴ አይደለም።

እነዚህ ነጋዴዎች ይዘውት የተሻገሩት ጨው ብቻ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ እስልምናን ሲቀበሉ፣ ከሰሜን የወረዱ ነጋዴዎችና አብረዋቸው የተጓዙ ሸሆች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 የገዛው የእናርያው አባ ባጊቦ ነጋዴውን አቅርቦ በሰቃ አስፍሮታል። በጅማም በሂርማታ ገበያ አጠገብ የነጋዴዎቹ ሰፈር «መንደራ» ተብሎ ቆይቷል። አንድ አህያ ነጂ በቀን አምስት ጊዜ ውኃ ፈልጎ፣ ውኃ ባይኖር ተየሙም አድርጎ፣ በመንገደኛ ሥርዓት ሰላቱን አሳጥሮ ሲሰግድ ያየ ሰው «ይህ ምንድን ነው» ብሎ ይጠይቃል። ዳዕዋው የጀመረው እንዲህ ነው። ወደ ጅማ የምትሄዱ አድማጮቻችን የአያቶቻችሁ ዘመዶች እዚያ እንደሚገኙ እወቁ። እዚያ ያሉት ደግሞ «አባቶቻችን ከጎጃም፣ ከጎንደር መጡ» ይሏችኋል፤ እናንተ ግን ማን እንደሄደ አታውቁም።

ሳይነገር ቢታለፍ አማና የሚጎድልበት ነገር

አሁን የምናገረው ከባድ ነው። በባሶ ገበያ የሚሸጠው ቡናና ዝባድ ብቻ አልነበረም። ሰውም ይሸጥ ነበር። ከዓባይ ማዶ ታስረው የመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚያው መሻገሪያ ተሻግረው፣ በዚያው ሰፈር አድረው፣ በዚያው ኬላ ተቀርጠው ወደ ሰሜን ተነድተዋል። በፍትሐ ነገሥቱ ሥርዓት ባርያ መሸጥ ለክርስቲያኑ ስለማይፈቀድ ንግዱ በአብዛኛው በሙስሊሙ እጅ ሆነ። ክርስቲያኑ መኳንንት ገዝቷል፣ ባለ ኬላው ቀርጧል፤ የነዳው ግን ብዙ ጊዜ የእኛ ሰው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ንግዱን ሊከለክሉ ሞክረዋል፤ ባርነት በሕግ የተሻረው ግን እ.ኤ.አ. በ1942 ነው።

ቁርኣናችን በሱረቱል በለድ የሰውን አንገት ነፃ ማውጣትን ከከባዱ ዳገት መውጣት ጋር ያያይዘዋል። ይህን የሚቀራ ሰው እንዴት ሰውን በገመድ ነድቶ ዓባይን ይሻገራል? «ዘመኑ ነው» የሚል መልስ አይበቃኝም። ስለዚህ «የአባቶቻችን ምልክት» ብለን መሻገሪያውን ስናሳይ፣ የእነዚያም ሰዎች ምልክት መሆኑን አብረን እንናገር። ለነሱ ደግሞ ዘር የሚቆጥርላቸው አልነበረም።

ይህ ያለቀ ነገር አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የኒካህ ጉዳይ ለሽምግልና ገብቼ ነበር። ልጁ ሰላቱን የሚጠብቅ፣ ሥራ ያለው፣ ጠባዩ የተመሰገነ ነው። የልጅቷ ቤተሰቦች ግን ሳይናገሩ ሳይናገሩ ቆይተው፣ አጎቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሸህ፣ የልጁ ቅድመ አያት ከማዶ የመጡ ናቸው» አሉኝ። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ማን አመጣቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። የሳቸው ቅድመ አያት ሲራራ ነጋዴ እንደነበሩ ያን ዕለት ጠዋት ራሳቸው በኩራት ነግረውኛል። ኒካሁ ታሰረ፤ እሳቸው ግን በሰርጉ አልተገኙም።

ሁለት ስም ያላቸው ቤተሰቦች

ወደ ነገሥታቱ ዘመን ልመለስ። በጎንደር እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኗል። የጎንደሩ «እስላም ቤት» የሚባለው ሰፈር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በየከተማው «እስላም ሰፈር» የሚል ስም ስትሰሙ ይህን ልማድ አስታውሱ። ለመለየት የተሰጠ ስም ነበር፤ ዛሬ ግን ለታሪክ ፈላጊ ጠቃሚ ፍንጭ ሆኗል። አላህ የሻውን ያደርጋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን የባሰ ነው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ፊት በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ታወጀ። የወሎ ታሪክ በሰፊው ይነገራል፤ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል መባላቸውን፣ ሸህ ጦልሓ እምቢ ማለታቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። የጎጃሙ ግን ብዙም አይነገርም። ጎጃምን በዚያ ጊዜ የሚገዙት ራስ አዳል ተሰማ ነበሩ፤ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ። ጎጃም ሙስሊሙ ተራርቆ በየገበያው የሚኖርባት አገር ናት፤ እንደ ወሎ ተሰብስቦ የሚቆምበት ተራራ አልነበረውም። ስለዚህ ያለው ምርጫ መሰደድ ወይም መደበቅ ነው።

የተሰደዱት ወደ መተማ፣ ወደ ሱዳን፣ ወደ ጅማ ሄዱ። የተደበቁት ቀን ማዕተብ አስረው ሌሊት ሰገዱ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ለሁሉም መከራ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ በማህዲስቶች ተሸነፉ፤ ዐፄ ዮሐንስ ከንጉሡ ጋር ተጣልተው ጎጃምን በጦር አስመቱ፤ መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ፤ ክፉ ቀንም ተከተለ። በዚያ ረሃብ ሙስሊምና ክርስቲያን የሚል ልዩነት አልነበረም። ዐዋጁ ሲላላ ከተሰደዱት የተመለሱ አሉ፤ የማዕተቡን ስም ጥለው የድሮውን ያነሱም አሉ። ያልተመለሱም አሉ።

ስለዚህ ነው በዚህ አገር ሁለት ቅርንጫፍ ያላቸው ቤተሰቦች የምታገኙት። የትውልድ ሐረጋቸውን ስታስቆጥሯቸው አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸው ይቀንሳል። አንዱ ስም ከዑመር ቀጥሎ ወልደ ይላል፣ ሌላው ከገብረ ቀጥሎ ሙሐመድ ይላል። እኔ የማውቃቸው አንድ የክርስቲያን አዛውንት የሙስሊም ቀብር ሲሆን ከሩቅ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው «አያቴ እዚያ ውስጥ ናት» ብለውኛል። እንግዲህ «መጤ» የሚለው ቃል ለማን ነው የሚነገረው?

ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ሲቃጠሉ ሁላችንም አይተናል። መልሶ ለመሥራት ገንዘብ ሲሰበሰብ ብዙ ክርስቲያኖችም እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ይህም መረሳት የለበትም። ሞጣ ራሷ የንግድ መንገድ ከተማ ናት። ከሷ ወደ ቤጌምድር የሚወስደው መንገድ ዓባይን የሚሻገረው «ሰባራ ድልድይ» በሚባለው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠግኖ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተተከለለት። ድልድዩ በተሰበረባቸው ዓመታት ሰው በገመድ ተስቦ ይሻገር ነበር። የሚጎትተው ሰው የሚሻገረውን ሃይማኖት ጠይቆ አልነበረም የሚጎትተው።

የግመሎቹ ዓመት

ስለ ቡሬ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ወጣቶቻችን ስለማያውቁት። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ሲመለሱ አብሮ የገባው ጦር ውስጥ ከአርበኞቻችንና ከስደት ከተመለሱ ኢትዮጵያውያን ሌላ የሱዳን ወታደሮች ነበሩ፤ ሙስሊሞች። በቡሬ ዙሪያ ከተዋጉት ውስጥ ናቸው። የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲሆን፣ በማንኩሳ በኩል አድርጎ ወደ ደንበጫ ሲሸሽ በመንገድ ላይ ከባድ ውጊያ ተደርጓል። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን ነው። ያ ጦር ስንቁንና ጥይቱን የጫነው በሺህ በሚቆጠሩ ግመሎች ላይ ነበር፤ ግመሎቹ የጎጃምን ብርድና ዳገት አልቻሉትም፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በየመንገዱ አለቁ።

የቀድሞዋ ወጀት ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘችው ከዚያ ዘመን በኋላ ነው። የሰላም መንገድ ማለት ነው። ማንኩሳን በክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ የሚያውቃት ብዙ ነው። በዚያ መንገድ ላይ የወደቀ የሱዳን ሙስሊም ወታደር እንዳለ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ጣሊያን በበኩሉ በየአገሩ መስጊድ እየሠራ ሙስሊሙን ለራሱ ሊያደርግ ሞክሮ ነበር፤ የተቀበለውም አለ፣ ልሸፍነው አልፈልግም። ግን «ሙስሊሙ የጣሊያን ነበር» የሚለውን ለሚናገር ሰው የቡሬን መንገድ አሳዩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ላሳልፈው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሙ ለእኩልነት ሰልፍ ወጣ፤ ክርስቲያኖችም አብረው ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጣ። ቡሬ ነፃ በወጣችበት ዕለት፣ ከ34 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የጎጃም ሙስሊም ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ መሬት የያዘው ያኔ ነው። ደርግ በሌላ ነገር ብዙ በድሎናል፤ ይህ ግን ሐቅ ነው።

ከማን ሰማኸው?

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ይዣለሁ። በየገበያው፣ በየሐዘን ቤቱ፣ በየሰርጉ ሽማግሌ ሳገኝ እጠይቃለሁ። ነጋዴው የት ያድር ነበር? ኬላው የት ነበር? የድሮው ቀብር የት ነው? እገሌ የሚባሉት ሸህ የት ያቀሩ ነበር? ከ2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን በተነሳው ጦርነት መንገዱ ሲዘጋ የምጠይቃቸውን ሰዎች ማግኘት አዳጋች ሆነብኝ፤ አንዳንዶቹም እስክደርስባቸው ወደ አኼራ ሄደዋል፣ አላህ ይዘንላቸው።

አንድ ነገር ላስጠነቅቅ። ዋርካውን የምንፈልገው ቅቤ ልንቀባው አይደለም። ቀብሩን የምንፈልገው ከሙታን ልንለምን አይደለም። ቀብር መዘየር አኼራን ስለሚያስታውስ የተፈቀደ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ከተውሒድ ያወጣል። ግን ሽርክን ፈርተን የአያቶቻችንን ቀብር ለማረሻ አሳልፈን እንስጥ ማለት ሌላ ጥፋት ነው። አንድ ቦታ ሄጄ የድሮው ቀብር ከግማሽ በላይ ማሽላ ተዘርቶበት አይቻለሁ። የሚያርሰውን ሰው አልወቅሰውም፤ አላወቀም። የነገረው ሰው የለም። እኛም ዛሬ «የቀብር ቦታ ስጡን» እያልን ማመልከቻ ስንጽፍ፣ የነበረንን የት እንደነበር መናገር አልቻልንም።

ከደብተሬ አንዱን ላንብብላችሁና ልጨርስ። በቡሬ አቅራቢያ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ ዕድሜያቸው ከዘጠና በላይ ይመስለኛል። ጥጥ እየፈተሉ አገኘኋቸው። አባታቸው ሸማኔ፣ አያታቸው ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። «እማማ፣ አያትዎ እስከ ዓባይ ሲወርዱ የት የት ያድሩ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ የማደሪያዎቹን ስም አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። አያታቸው ሲመጡ ለሕፃናቱ እንዲህ እየቆጠሩ ያስተኟቸው ነበር አሉ። ሰባት ስም ነው። ሁለቱን ካርታ ላይ አገኘኋቸው፣ ሦስቱን ሌሎች ሽማግሌዎች አረጋገጡልኝ፣ ሁለቱን ግን እስካሁን የሚያውቅ አላገኘሁም።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ አጣርቼ ሳልጨርስ ብጽፋቸው ነገ እንደ እርግጥ ይያዛሉ። ከቡሬ ወደ ዓባይ በሚወርደው የድሮ የእግር መንገድ አያቱ ወይም አባቱ የነገደ ሰው ካለ ግን ለጁምዓ ሲመጣ ያነጋግረኝ። መምጣት የማይችል ለዝግጅት ክፍሉ ይጻፍልን። ያ ተማሪም ሁለተኛ ደብተር ገዝቶ አብሮኝ መዞር ጀምሯል። የእናቱ አያት ከሞጣ እንደመጡ ባለፈው ሳምንት ነው ያወቀው።